የወጋ ሲረሳ

አለምወርቅ ሽማግሌ ማጠብ የተማረችው ኩዌት ነው። እሷ እዚያ የሰው እናት ገላ ስታጥብ አባቷ ፋርጣ ላይ አረፉ፤ ዓይናቸውን ማን እንደከደነ እንኳ የነገራት የለም። ተመልሳ ደብረ ታቦር ካለች አንዲት ትንሽ የአረጋውያን መጠለያ ሥራ ስትይዝ ጓደኞቿ ሳቁባት።

«እዚህም መጥተሽ ሽንት ልትጠርጊ?»

«እንዴታ! የባዕድ ስጠርግ ያልቀፈፈኝ፣ ያባቴ አገር ሰው ሊቀፈኝ ነው?»

እንዲህ ናት። ሲሳደቡ ትሳደባለች፣ ሲያለቅሱ አብራ ታለቅሳለች፤ ሽማግሎቹም ያለሷ እህል አይወርድላቸውም።

አያ ማሩን ከጉና ሥር በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ግራ ጎናቸው ሽባ ሆኗል። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። ሽበታም ጠጉራቸው ተድበልብሎ ትከሻቸው ላይ ወርዷል፤ ቅማሉ ከሩቅ ይታያል። አለምወርቅ መቀስ ይዛ ብትጠጋ በደህናው እጃቸው አንጓዋን ጨምድደው ያዟት።

«ንኪና ታያለሽ! ይሄ ጠጉር ቀን አለው።»

«የምን ቀን? ቅማሉን ሊያነግሡት ነው እንዴ፣ አያ ማሩ?»

አልሳቁም። ዘመዱ የተገደለበት ሰው ደሙን ሳይመልስ ጠጉሩን እንደማይላጭ አለምወርቅ ከአያቷ ስንቴ ሰምታ ነበር! ግን ልጅነቷ ራቀ፤ ኩዌትም ብዙ ነገር አስረስቷታል።

ሥልጠና ላይ ደግሞ «አረጋዊን የሚገድለው ብቸኝነት ነው፤ ካገሩ ሰው ጋር አስቀምጡት» ተብላለች። እውነት ነው፣ የአገር ልጅ የማር እጅ። ስለዚህ አልጋቸውን ከአያ ሙላቴ አልጋ ጎን አደረገችው። አያ ሙላቴም የጉና ሰው ናቸው፤ አእምሯቸው ከድቷቸው ቀኑን ሙሉ የሌለ በሬ ሲጠሩ ይውላሉ። አዲሱን ሰው ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«አንተ አገኘሁ! የት ጠፍተህ ከረምህ? ገብሱ ሳይታጨድ!»

አያ ማሩ ደርቀው ቀሩ። «ማን ነው ይሄ?»

«አያ ሙላቴ ናቸው፤ ያገርዎ ሰው!» አለች አለምወርቅ ደስ ብሏት። ደስ ብሏት! ወይ አለማወቅ።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ አያ ሙላቴ ከቂጣቸው ቆርሰው «እንካ አገኘሁ፣ ብላ» ብለው ወደ ጎረቤታቸው አፍ ዘረጉ። አያ ማሩ ከጎናቸው የማይለየውን፣ ጫፉ ብረት የለበሰ ዱላቸውን አነሡ። የመጀመሪያው ምት የአያ ሙላቴን ትከሻ ሰነጠቀ፤ ቂጣው በደም ራሰ። ሁለተኛው ለራስ ቅል ነበር። አለምወርቅ ክንዷን ዘርግታ ገባችበት፤ አጥንቷ ቀጭ አለ።

«ልቀቁኝ! ወንድሜን የበላ ነው! የአገኘሁን ደም!»

ነገሩ ያን ጊዜ ወጣ። በመሬት ድልድሉ ሰሞን፣ በአንዲት የእርሻ ድንበር ሳቢያ፣ አያ ሙላቴ የልብ ወዳጃቸውን አገኘሁን በክላሽ ደረቱን በሱት። ታስረው ተፈቱና አገር ጥለው ጠፉ። አገኘሁ የማሩ ወንድም ነበር፤ መልካቸውም ቁርጥ አንድ። ማሩ «ደሙን ሳልመልስ ምላጭ ራሴን አይነካም» ብለው ማሉ። ከዚያ ወዲያ ሚስት አላገቡ፣ ጎጆ አልቀለሱ፤ ዕድሜያቸውን አንድ ሰው ሲፈልጉ ጨረሱት። ያን ሰው አሁን አለምወርቅ በገዛ እጇ አጠገባቸው አስተኛችላቸው።

«የወንዶች ክፍል ያለን አንድ ነው» አሉ የመጠለያው ኃላፊ አቶ የሺዋስ። «ማሩ እስከ ቅዳሜ ይውጡ።»

«የት ይውጡ? በዚህ ብርድ ደጅ ወድቀው ሊሞቱ?»

«ታዲያ ሙላቴን ይግደሏቸው?»

አንዱ ከወጣ ይሞታል፤ ሁለቱም ከተቀመጡ አንዱ ይገደላል። የማንኛቸውም ደም ደግሞ በሷ ራስ ነው። ዱላውን ደበቀች፤ አልጋዎቹን አራርቃ፣ የታሰረ ክንዷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መካከላቸው ተቀመጠች።

«ዱላውን ውሰጂው» አሏት አያ ማሩ። «ጥርስ አለኝ።»

ሐሙስ ቀትር ላይ ውሃ ልትቀዳ ወጣ አለች። ስትመለስ አያ ማሩ መሬት ለመሬት ተጎትተው ደርሰው፣ በአንድ እጃቸው የአያ ሙላቴን ጉሮሮ አንቀው አገኘቻቸው።

«ማንን ነው የገደልህ? ስሙን ጥራ!»

የአያ ሙላቴ ዓይን ሊፈርጥ ደርሷል። «አገኘሁ... ምን አረግሁህ?» አሉ እየተናነቁ።

ያነቀው እጅ ላላ። አያ ማሩ ወለሉ ላይ ተዘርግተው እንደ ሕፃን አለቀሱ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ይኸው ረሳ! አሁን እኔ ማንን ልግደል? በምን እንደሞተ ሳያውቅ ቢሞት የወንድሜ ደም ተመለሰ ይባላል?»

ዓርብ ጠዋት ግን አያ ሙላቴ ልባቸው ተመልሶ ነቁ። ዙሪያቸውን አዩ፤ «ገደልሁት!» ብለው ጮኹ። «አገኘሁን በጄ ገደልሁት!» ራሳቸውን ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር ያላትሙት ጀመር። ግንባራቸው ተተረተረ፤ ግድግዳው ቀላ። አለምወርቅ በአንድ እጇ ልትይዛቸው ብትሞክር ወርውረው ጣሏት።

«አያ ማሩ፣ ያዙልኝ! በማርያም!»

አያ ማሩ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። «እሰይ! ይምታ! ይሄን ቀን ነው የጠበቅሁት» አሉ። ግድግዳው እንደገና ጓ አለ። እንደገና። ደሙ የአያ ሙላቴን ዓይን ሸፈነው፤ እሳቸው ግን አላቆሙም። አያ ማሩ ሲያዩ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ወረዱ፤ ተጎተቱ፤ በደህናው እጃቸው የአያ ሙላቴን ማጅራት ያዙ። ሊሰብሩት ነው ብላ አለምወርቅ ጮኸች። እሳቸው ግን ያን የተፈነከተ ራስ ስበው ደረታቸው ላይ አጣበቁት።

«ማንንም አልገደልህም» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። «አገኘሁ እኔ ነኝ። ይኸው አለሁ። ዝም በል።»

አያ ሙላቴ ቀና ብለው የአያ ማሩን መልክ አዩ። ቀስ በቀስ ጸጥ አሉ፤ ልባቸውም መልሶ ጠፋ። አለምወርቅ ቁስላቸውን ጠርጋ አሰረችላቸው።

«ምላጭ አምጪ» አሏት አያ ማሩ።

«ኧረ አያ ማሩ! አሁን አቅፈዋቸው ሊያርዷቸው?»

«ላጪኝ ማለቴ እኮ ነው! ሞቶ የቆየ ሰው ምኑ ይገደላል?»

በአንድ እጇ ላጨቻቸው። ጩኸቱን ሰምተው የመጡት አቶ የሺዋስ በር ላይ ቆመው ያያሉ፤ የቅዳሜን ነገር አላነሡም። ጠጉሩ ተሸልቶ መሬት ሲወርድ አያ ሙላቴ በፋሻ ከተጠመጠመ ራሳቸው ሥር አሻግረው ተመለከቱ። ባገራቸው ራሱን የሚላጭ ሐዘንተኛ ነው።

«አገኘሁ፣ ማን ሞቶብህ ነው?»

አያ ማሩ የተላጨ ራሳቸውን ዳሰሱ። «ወንድሜ» አሉ።

«አይ! እግዜር ያጥናህ» አሉ አያ ሙላቴ። ፈቀቅ ብለው አልጋቸው ላይ ቦታ ለቀቁላቸው። «ና፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አይቀመጥም።»

አለምወርቅ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። አያ ማሩ ለወንድማቸው አለቀሱ፤ አያ ሙላቴም አብረዋቸው አለቀሱ።