ሁለት ጣት የጎደለው እግር

ባለፈው ሳምንት ጁባ ካስተም ገበያ ሽንኩርትና ዘይት ልገዛ ሄጄ፣ ከኡጋንዳ የመጣ ከባድ መኪና ዕቃ ሲያራግፍ ደረስኩ። ከጀሪካኑና ከፍራሹ መሃል አንድ ሳፋ ወጣ። እንደዛሬው ፕላስቲክ አይደለም፤ የድሮው ብረት፣ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ሰማያዊ። ሻጯን “ካም?” ብዬ ዋጋውን ጠየቅኳትና ያለችኝን ከፍዬ ተሸክሜው ሄድኩ። ጁባ ምግብ ቤት ከከፈትኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሳልከራከር የገዛሁት ዕቃ ይሄ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሽንኩርቱን ግን ረስቼው መጣሁ።

እኔ ያደግሁት ጎሬ፣ አያቴ ቤት ነው። አገሩ ሁሉ ሻምበል ይላቸዋል፣ እኔ አባባ። በረንዳችን ላይ ለቆመ ሰው ዓይን እስከሚደርስበት ያለው የቡና መሬት የእሳቸው ነበር። ጭሰኞቹ ማርና ቅቤ ይዘው ሲመጡ እስኪጠሩ ድረስ ደጅ ይቆማሉ፤ ጎሬ ደግሞ ዝናቡ አያባራም። ያኔ እንደዚያ መሆን ያለበት ይመስለኝ ነበር። ስንቱ ሰው ደጃችን ላይ እንደበሰበሰ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አባባ አመሻሽ ላይ መሬታቸውን ዞረው ሲመለሱ ጫማቸው ውስጥ ሳይቀር ጭቃ ይገባል። በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ሱሪያቸውን ወደ ላይ ይሰበስባሉ፤ እኔ ልክ እንደዚህ ባለ ነጭ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ይዤ እመጣለሁ። የእርጥብ ቆዳና የልብስ ሳሙና ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ግራ እግራቸው ሁለት ትንንሽ ጣቶች ይጎድሉታል። የት ሄዱ ስላቸው “መንገድ በላቸው” ብለው ይስቃሉ። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ጉልበታቸውን ስስም እጃቸውን አናቴ ላይ ጭነው “እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ክፉ አይንካሽ” ይሉኛል። ይህን ሥራ ለማንም አላስነካም ነበር። ምርቃቱን ሌላ ሰው የሚወስድብኝ ይመስለኛል።

ከዚያ መሬት ላራሹ ታወጀና የዘመቻ ተማሪዎች መጡ። እኛን የምታስተምረው አፍሮዋን አበጥራ፣ ሱሪ የለበሰች፣ ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ ነበረች። እሷን ለመምሰል ያላደረግሁት የለም፤ አረማመዷን ሳይቀር ቀዳሁ። አንድ ቀን፣ ቤታችሁ ውስጥ እግር የሚያጥብ ማነው ብላ ጠየቀች። ከሁሉም ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ጎበዝ የምትለኝ መስሎኝ ነዋ፣ እኔ ጅሊት። የማንን እግር እንደሆነ ስነግራት ከኋላ አንዱ ልጅ “ሻምበል እኮ ባንዳ ናቸው፣ የጣሊያን መኮንን ነበሩ” አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ አዘነችልኝ። ለባላባት፣ ያውም ለባንዳ፣ መንበርከክ ውርደት መሆኑን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ከልጆቹ ሳቅ ይልቅ የእሷ ሐዘን አቃጠለኝ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ አባባ እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው ጠበቁኝ። መሬቱ ከተወሰደ በኋላም መዞሩን አልተዉም ነበር። ሳፋውን ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩና “የባንዳ እግር አላጥብም” አልኳቸው።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አክስቴ እትዬ ዘነቡ ከጓዳ ሰምታ በጥፊ ልታጮለኝ ስትወጣ አባባ በእጃቸው ከለከሏት። “ሁለት ዓመት የጣሊያንን መለዮ ለብሼላቸዋለሁ፤ ልጅቷ አልዋሸችም” አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “ተዪው፤ እኔው አጥባለሁ” አሉኝ። ሳፋውን ወደ ራሳቸው ሳቡና ጎንበስ አሉ፤ እጃቸው አልደረሰም። እንደገና ሞከሩ። ወገባቸው እሺ አላለም። እኔ ቆሜ አየሁ። በመጨረሻ እግራቸውን ነክረው ውሃው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጡ።

አላኮረፉኝም። ሸንኮራ ልጠው ይሰጡኝ ነበር፣ ትምህርቴን ይጠይቁኝ ነበር፤ እግሬን እጠቢኝ ግን ዳግመኛ አላሉም። ሳምንት ሳይሞላ ጸጽቶኛል። ግን ምን ብዬ ልጀምር? በክረምቱ አልጋ ሲይዙ እትዬ ዘነቡ “ሂጂ እግራቸውን እጠቢና ይመርቁሽ፤ እሳቸው ቂም አያውቁም” አለችኝ። ነገ አልኳት። በማግስቱም ነገ አልኳት። ሦስተኛው ቀን ላይ አረፉ። ገላቸውን የሚያጥቡት ወንዶች ናቸውና ውሃውን በሳፋው ይዤ እስከ በሩ ብቻ ሄድኩ። አንዱ ከእጄ ተቀብሎኝ በሩን ዘጋ።

የጣቶቹን ነገር እትዬ ዘነቡ የነገረችኝ ለቅሶው ካለፈ በኋላ ነው። ጣሊያን የባላባት ልጅ ናቸው ብሎ ማዕረግ ሰጥቷቸው፣ ወታደር አሰልፎላቸው ነበር። በሁለተኛው ዓመት የገዛ አገራቸውን ሰው ተኩስ ሲባሉ ጥለው ጠፉ። የጣሊያን ቡትስ ዱካው ያስይዛል ብለው ጫማቸውን ወንዝ ውስጥ ወርውረው፣ በባዶ እግራቸው የሱዳንን ጠረፍ ተሻገሩ። ጣቶቻቸውን ሙጀሌና ቁስል በላቸው። አንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ቋንቋዋን የማያውቋት ሴት ቁስሉን እያጠበች ነው አሉ ያዳነቻቸው። ይህን ለእኔ መንገር ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። የለበሱትን ሁለት ዓመት በሄዱት መንገድ ሊሰርዙት አልፈለጉም መሰለኝ።

ወንዙ የትኛው እንደሆነ እትዬ ዘነቡም አታውቅም። እኔ ግን ጁባ ወደብ ዓሣ ልገዛ ስሄድ፣ ጀልባ ዳር የተቀመጡ አሮጊቶች ሳይ፣ ያቺ ሴት የማንኛዋ እናት ትሆን እያልኩ ዓይኔ ይፈልጋል። ዞር ብዬ አመሰግናለሁ እንዳልል በምን ቋንቋ፣ ለማንኛዋ? ስለዚህ ዓሣዬን ገዝቼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ዛሬ ወገቤ እንደ አባባ ወገብ ሆኗል። ቀኑን ሙሉ ምድጃ ፊት ቆሜ ውዬ ማላኪያ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ስገባ እግሬ አብጦ ጫማ አልወጣ ይለኛል። ልጄን ሜሮንን ለማንም እንዳትንበረከክ አድርጌ ነው ያሳደግኳት፤ እግር ማጠብ የሚባል ነገር በቤቴ አላስለመድኩም። ትናንት ግን አዲሱን ሳፋ ፊቴ አስቀምጬ ጎንበስ ስል፣ እጄ አልደርስ ሲል አየችኝ። ስልኳን አስቀመጠችና “ማሚ፣ ላጥብሽ?” ብላ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

እሺ ልል ነበር፤ አምላክ ያውቃል። እጄን አናቷ ላይ ልጭን፣ እደጊ ተመንደጊ ልላት ነበር። ግን እጇ ወደ ውሃው ሲገባ ያን ዕለት ቆሜ ያየሁት ትዝ አለኝና እግሬን ሰበሰብኩ። “ተዪው፤ እኔው አጥባለሁ” አልኳት።

ልጄ ከፍቷት ተነሣች። እኔም ውሃው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥኩ።