ዘጠነኛዋ ደረጃ

እኔ አናጢ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚጮህ በር፣ የሚያቃስት አልጋ፣ የሚንቋቋ ወለል ዝም ሳሰኝ ኖሬያለሁ፤ በዚህ የተነሣ በየሄድኩበት «ዝም አሰኚው» ይሉኛል። ቅጽል ስሙን ጠልቼው አላውቅም። እንዲያውም ሥራ ጨርሼ ከመውጣቴ በፊት ባለቤቱን ወለሉ ላይ ሦስት ጊዜ አመላልሼ «ምን ሰማህ?» ብዬ መጠየቅ እወዳለሁ። «ምንም» ካለኝ የዚያን ቀን እራቴ ይጣፍጠኛል።

ስለዚህ የአንድ አሮጌ ሆቴል ባለቤት ልጅ ደውላ «ደረጃችን እንግዳ አላስተኛ ብሏል፤ ይምጡና ይገላግሉን» ስትለኝ አላመነታሁም። መሣሪያዬን ሸክፌ ማክሰኞ በጠዋቱ አውቶብስ ተሳፈርኩ።

ከተማዋ የገበያ ከተማ ናት። ሳምንቱን ስታንቀላፋ ትሰነብትና አርብ ከሰዓት ትነቃለች፤ ቅዳሜ አደባባዩ በእህል ጆንያ፣ በሸክላ፣ በገመድና በበግ ይሞላል። ሆቴሉ አደባባዩን ፊት ለፊት እያየ ቆሟል፤ ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨት፣ አሥራ አንድ ክፍል። አያት ሠሩት፣ አባት ወረሱት፣ አሁን ደግሞ የደወለችልኝ ልጅ እናት፣ የእሜቴ ነው። እሜቴ የራሳቸው ስም አላቸው ይባላል፤ እኔ ግን ሲጠሩበት አልሰማሁም። ሰባን አልፈዋል፤ ጀርባቸው ግን እኔ ከማቆመው መቃን ይልቅ ቀጥ ያለ ነው።

ወንበራቸው ከደረጃው እግር ሥር ናት። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ ቁልፍ ተሰቅሏል። እያንዳንዱ ቁልፍ መዳፍ በሚያህል እንጨት ላይ ታስሯል፤ እንጨቱ ጠርዝ ላይ ደግሞ የክፍሉን ቁጥር ያህል ጥርስ በቢላ ተፈልፍሎበታል። ሰው ቁልፉን ኪሱ ከትቶ እንዳይሄድ አባታቸው ያበጁት ነው አሉኝ።

«ዝም አሰኚው አንተ ነህ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እሜቴ።»

«ራስህ ግን ወሬ ታበዛለህ ሲሉ ሰምቻለሁ። ታንኮራፋለህ?»

«እኔ? በፍጹም!»

«አራት ቁጥር፣ አርብ ከሚመጣው ገመድ ነጋዴ ጎን» አሉና ወደ ኋላ ሳይዞሩ እጃቸውን ሰደው ቁልፉን አወረዱ። «የሚያንኮራፋ ሁሉ በፍጹም ነው የሚለው።»

ይሄ ሥርዓታቸው ነው። የሚያንኮራፋውን ከሚያንኮራፋው ጎን፣ ሕፃን የያዘችውን ሙቀት እንድታገኝ ከወጥ ቤቱ በላይ፣ ቶሎ የሚቆጣውን ገበያ ወደማያይ መስኮት። ማን ቀድሞ መጣ፣ ማን ሹም ነው፣ ጉዳያቸው አይደለም። መዝገቡን ደግሞ ወደ እንግዳው አዙረው «የእኔ ጽሕፈት አያምርም፤ አንተው ጻፍ» ይላሉ። እኔም ጻፍኩ። ክፍሌ ስገባ የብረት አልጋ፣ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ አንሶላ፣ በሳህን የተከደነ የውሃ ማሰሮ፣ አንዲት ወንበር አገኘሁ። ከኋላዬ ከታች «ወንበሯን ከቦታዋ እንዳታነሣት!» የሚል ድምፅ መጣ። ባለ ሥርዓት ሴት ናቸው ብዬ አደነቅኩ።

ልጃቸው ትልቁ ከተማ ልብስ ስፌት ቤት አላት፤ ሳምንቱን እናቷ ዘንድ ልትሰነብት መጥታለች። ፈጣን፣ ቆራጥ፣ ደግ ልጅ ናት፤ እናቷን ከመውደዷ የተነሣ ግን መፈናፈኛ ታሳጣቸዋለች። ረቡዕ ምሳ ላይ ሦስታችን ተቀምጠን ሳለ እሜቴ ውሃ ሲቀዱልኝ ጣታቸውን ብርጭቆው አፍ ውስጥ ሲያስገቡ አየች።

«እማዬ፣ ዓይንሽ እንዴት ነው?»

«ካንቺ ዓይን ይሻላል። ያንቺ የሌለ ነገር ያያል።»

«ቀልዱን ተይው። ዓይንሽ ከደከመ ነግሬሻለሁ፤ አንድ ቀን አላድርም፣ ይዤሽ ነው የምሄደው። ቤቱን የሚከራይ ሞልቷል። እዚህ ብቻሽን ወድቀሽ ስትሰበሪ አላይም።»

«ብዪ፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ ብዪ» አሉ እናት፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ። እኔም ሐሳቤ ሥራዬ ላይ ነበርና ጆሮ አልሰጠሁትም።

ደረጃው አሥራ አራት መርገጫ አለው። አሥራ ሦስቱ የሚያጉረመርሙት እንደ ማንኛውም አሮጌ ሰው ነው። ዘጠነኛዋ ግን ጉድ ናት! ሰው የረገጣት እንደሆነ «ሲጢጥጥ» ብላ ሰማይ ድረስ ትሰማለች። መሐሏ በሰው እግር ብዛት እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። ሁለት ቀን ሠራሁ። ሌሎቹን በሽብልቅ አጠበቅኩ፤ ዘጠነኛዋን ነቅዬ ጥዬ፣ አዲስ ሳንቃ ልጌ፣ በኮላ አጣብቄ፣ ቀጥ አደረግኳት። ሐሙስ ከሰዓት ልጅቷ ወጥታ ወርዳ አጨበጨበች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ እሜቴ ዞርኩ።

«ምን ሰሙ?»

«ምንም» አሉ። አባባላቸው ሌላ ጊዜ የምሰማው ዓይነት አልነበረም፤ እኔ ግን በራሴ ሥራ ሰክሬ ስለነበር ልብ አላልኩትም።

አርብ ጠዋት ሸራ ጫማዬን አድርጌ ወረድኩ። ከመጨረሻው ደረጃ ሳልደርስ እሜቴ ፊታቸው በርቶ «ልጄ፣ ተነሣሽ?» አሉኝ።

ሃምሳ ዓመቴ ነው፤ ጢሜ እስከ ደረቴ ይወርዳል። እየቀለዱብኝ መስሎኝ ሳቅኩ። ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸው ድርግም አለ።

ረፋዱ ላይ የገመድ ነጋዴው ደረሰ። ሃያ ሁለት ዓመት የዚህ ቤት ደንበኛ ነው። እሜቴ ለአፍታ ጓዳ ሳሉ ቁልፉን ራሱ አውርዶ፣ ጭነቱን ክፍሉ አስቀምጦ ወረደና ፊታቸው ቆሞ ጠበቀ። ሁልጊዜ ገና ሲወርድ «ጉልበትህ እንዴት ዋለ?» ይሉት ነበር። አሁን ግን «ማን ነው?» አሉ። ሰውየው ኩምሽሽ ብሎ ወጣ። ወዲያው ወጥ ቤቷ የልብስ ሳፋ ይዛ ስትወርድ ደግሞ ቆመው የሰባት ቁጥርን ቁልፍ «እንኳን ደህና መጣህ» ብለው ዘረጉላት። ሴትዮዋ እዚህ ቤት አሥር ዓመት ሠርታለች። ቁልፉን አይታ፣ እሳቸውን አይታ፣ ሳፋዋን እንደያዘች ሄደች።

እጄ ላይ የነበረውን መላጊያ አስቀመጥኩት። ዓይናቸው በትከሻዬ በኩል አልፎ ግድግዳውን ያያል። ብርጭቆ ውስጥ የገባው ጣት፣ የተፈለፈሉት የቁልፍ እንጨቶች፣ ወደ እኔ የዞረው መዝገብ፣ ከቦታዋ የማትነሣው ወንበር ሁሉ ባንዴ መጡብኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እሜቴ፣ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ምኑ?» አሉ። ቀጥሎ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሁለት ዓመት። ጥላ ይታየኛል። ሰው ይሁን በር አልለየውም።»

«ሐኪምስ?»

«አይቶኛል። አይድንም፣ በዚያው ነው የምትኖሪው ብሎኛል፤ እኔም እየኖርኩ ነበር። ኮቴ ጫማ ሲቀየር ይቀየራል። ዘጠነኛዋ ግን የምትናገረው ክብደትን ነው። ገመድ ነጋዴው ሲረግጣት ጎትቶ ነው፣ ቀኝ ጉልበቱ አይታጠፍለትም። ወጥ ቤቷ ሁለት ጊዜ ታስጮኻታለች፤ እዚያ ጋ ቆማ ታርፋለች። በሷ ነበር ሰው የማውቀው። አንተ መጥተህ አፏን ዘጋሃት።»

ቆሌዬ ተገፈፈ። «ታዲያ ለምን አልከለከሉኝም?»

«ምን ብዬ? ደረጃው ይጩህልኝ ብዬ? ልጄ ለምን አትለኝም? ከተማ ከወሰደችኝ ደግሞ አለቀልኝ። እዚያ ወንበሬን እንኳን ሰው እጄን ይዞ ነው የሚያሳየኝ። እዚህ ከጣሪያ እስከ ምድር ቤት ብቻዬን እሄዳለሁ። እዚህ ዕውር አይደለሁም።»

ሠላሳ ዓመት የተኩራራሁበት ሙያዬ እሜቴን በገዛ ቤታቸው ውስጥ መንገድ አሳጥቶ ቁጭ አለ! ልጅቷ የመጋረጃ ጨርቅ ልታይ ጎረቤት ከተማ ሄዳ ነበር፤ የምትመለሰው በማግስቱ ነው። «እሜቴ፣ አይነሡ፤ እዚያው ሆነው ያድምጡ» አልኩና እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ማስጮህ ከዝምታ እንደሚከብድ የዚያን ቀን ተማርኩ። መጀመሪያ ሽብልቁን አላላሁት።

«ይሄ ፍየል ነው» አሉ ከታች።

ጠርዙን ላግኩትና እንደገና ረገጥኩ።

«ይሄ የጎረቤት በር ነው። በዚያ ላይ ጎረቤቱን አልወደውም።»

አሸዋ ጨመርኩበት፤ ጥርስ የሚያፋጭ ነገር ወጣው። በመጨረሻ አሮጌዋን ሳንቃ ፍለጋ ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። ወጥ ቤቷ የውሃ በርሜል መክደኛ አድርጋታለች፤ «የጣልከውን አነሣሁ፤ አሁን የኔ ናት» ብላ ድርቅ አለች። ስንት የለፋሁበትን አዲሱን ሳንቃዬን ቆርጬ መክደኛ ሠራሁላት። በዚያ አገር እንደዚያ በርሜል ያማረ ክዳን ያለው በርሜል የለም።

አሮጌዋን ሳንቃ በድሮ ጎድጓዷ፣ በድሮ ሚስማሯ ቦታዋ መለስኳትና ረገጥኳት። ሲጢጥጥ!

እሜቴ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እሰይ» አሉ፤ «አሁን ቤቴ ገባሁ።»

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ታችኛው አዳራሽ በሰው ተሞልቷል። ልጅቷ ከመንገድ ተመልሳ፣ ቦርሳዋን ክፍሏ ጥላ ከላይ እየሮጠች ወረደች። የገመድ ነጋዴው ከኋላዋ ነበረና እሱ ሲረግጣት ዘጠነኛዋ እሪ አለች። ልጅቷ ዘወር ብላ አየች፤ አሮጌዋን ሳንቃ አወቀቻት።

«ጋሼ! ይሄ ምንድን ነው? አሮጌውን መልሰው ገጠሙት?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ግማሾቹ ሥራ ሊሰጡኝ ቃል የገቡ ናቸው። በሕይወቴ ተናግሬው የማላውቀውን ቃል ተናገርኩ። «አዲሱ አልያዘልኝም፣ እህቴ። ሥራዬ ተበላሽቶብኛል።»

«ዝም አሰኚው ነው ብለውኝ ነው እኮ የጠራሁዎት! ለዚህ ለዚህ ማንንም ጠርቼ—»

«ተይው» አሉ እሜቴ። ከወንበራቸው ሳይነሡ ወደ ድምፁ ዞሩ። «ሰው በኔ ምክንያት ሙያው አይሰደብም። እኔ ነኝ መልስልኝ ያልኩት። ዓይኔ አያይም፣ ልጄ። ሁለት ዓመቱ ነው። በዚያች ደረጃ ነው ሰው የማውቀው።»

ልጅቷ እዚያው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለቱንም ባንዴ አደረገች። «ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ደብቀሽኝ! ሳታዪ ነው አሥራ አንድ ክፍል የምታስተዳድሪው? ነገውኑ እንሄዳለን።»

«እሺ። ከመሄዳችን በፊት ግን ከጎኔ ቁሚና ደረጃውን እዪልኝ። ለኔ ምንም አትንገሪኝ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እንግዶቹም ገባቸው፤ ተራ በተራ ወጥተው መውረድ ጀመሩ። «ገመድ ነጋዴው። ጉልበትህን ቅባት ቀባው።» «ሸክላ ሻጯ፤ ልጁን ዛሬ በግራ ጎንሽ አቅፈሽዋል።» «ወጥ ቤቷ፤ ድስቱን ማን ላይ ጥለሽው መጣሽ?» «አናጢው። ይሄ ሰውዬ ሲረግጥ እንኳን ይጎራል።» አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አንድም አልሳቱም። ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ታያለች።

«እኔስ?» አለች በመጨረሻ። «እኔን በምን ታውቂኛለሽ?»

«አንቺ አትረግጫትም።»

«እንዴት?»

«አሥር ዓመትሽ ላይ ሳይፈቀድልሽ ገበያ ለመሄድ ተደብቀሽ ስትወጪ፣ እንዳልሰማሽ ብለሽ መዝለል ጀመርሽ። ከአሥር ወደ ስምንት። አድገሽም አልተውሽው። ኮቴ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ዘጠነኛዋ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል። ያኔ ልጄ መጣች እላለሁ። ከሄድሽ ጀምሮ እዚህ ተቀምጬ የምጠብቀው እሱን ዝምታ ነው።» ወደ እኔ በኩል እጃቸውን አወዛወዙ። «ይሄ ሰውዬ ደረጃውን ዝም ሲያሰኝ ቤቱ ሁሉ አንቺን መሰለኝ። ጢሙን ይዞ ሲወርድ እንኳን ልጄ አልኩት።»

እኔም አፌን መዝጋት የማያቅተኝ መሆኔን ያን ጊዜ አወቅኩ።

ልጅቷ ተነሥታ ወደ ላይ ወጣች። ከላይ ጥቂት ቆመችና ቀስ ብላ መውረድ ጀመረች። አሥራ አራት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሁለት፣ እያልኩ በሆዴ ቆጠርኩ። አሥረኛዋ ላይ ቆመች። ከዚያ ዘጠነኛዋ ላይ ሁለት እግሯን ገጥማ አሳረፈች።

ሲጢጥጥ።

እሜቴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እጃቸው ወደ ቁልፎቹ ሄደ፤ ጣታቸው እንጨቶቹን እየዳሰሰ አንዱን አወረደ። ፊታቸው ሳቅ ይዟል።

«ይቺን እንግዳ አላውቃትም» አሉ። «ስንት ቀን ትቆያለሽ?»

ልጅቷ ከዘጠነኛዋ አልወረደችም።

«እስክታውቂኝ ድረስ» አለች።