ቁልፍ የሌለው ቃሬዛ

ከሚሴንና የጨፋን ሸለቆ በበርና በመስኮት የሞሉት አናጢ፣ አባ ይመር እንድሪስ፣ ባለፈው ሐሙስ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ወደ አኼራ ሄደዋል። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። በሩቅ ያላችሁ ዘመዶችና ወዳጆች መርዶውን ሰምታችኋል። እንዴት እንደተቀበሩ ግን ሁሉም እንደሚመቸው እያወራው ስለሆነ፣ እኔ ምራታቸው ሐዋ ያየሁትን ልጻፍላችሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ፊደል የለየሁት አባ ሚስማር ከሚጠቀልሉበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ያበላሸሁት ካለ እለፉኝ። እኔ የማላልፈውን ደግሞ ከታች ታገኙታላችሁ።

ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ «ዝምተኛ፣ ለስላሳ ሰው ነበሩ» ሲል ሰማሁ። ዝምታቸውን መቼ እንዳገኙት እንጃ። የአባ ምላስ ከመጋዛቸው አይተናነስም ነበር። አንዱ በር አዝዞ ቶሎ በሉልኝ ብሎ ቢያስቸግራቸው፣ «እርጥብ እንጨት ልግጠምልህ? እሺ፤ ክረምት ላይ አልዘጋም ሲልህ ግን አጎትህን ጥራ እንጂ እኔን እንዳትጠራኝ» አሉት። ሰውየው ስቆ ሄደ፤ እንጨቱ እስኪደርቅም ጠበቀ። በሩ ዛሬም ይዘጋል።

ልጆቻቸውን ሁሉ በመጋዝና በመላጊያ ነው ያሳደጉት። ጨፋ ሮቢት በገበያ ቀን በር ተሸክመው ወርደው፣ ገጥመው፣ ማታ ሸንኮራ በትከሻቸው አድርገው ሲመለሱ ሕፃናቱ መንገድ ላይ ይጠብቋቸው ነበር። እማ ዘሐራ፣ ባለቤታቸው፣ ታማ በተኛችበት ጊዜ ጀሪካን ተሸክመው ውሃ የሚቀዱት እሳቸው ነበሩ። ከቦኖው አጠገብ የተቀመጡ ወንዶች «ይመር፣ ሴት ሆንክ እንዴ?» ቢሏቸው፣ «አይ፣ ጠማኝ» ብለው አለፉ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራውን ለልጃቸው፣ ለባሌ ለከድር ለቀቁለት። ከዚያ ወዲህ ደጃፉ ላይ ግንድ ላይ ተቀምጠው የተጣመመ ሚስማር ያቃኑ ነበር። አዲስ ሚስማር እያለ ለምን ይደክማሉ ስላቸው፣ «ይኼም እኮ አንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ነበር» ይሉኛል።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚያጥበውም፣ የሚቆፍረውም፣ የሚሸከመውም ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው በቁሙ እንደሞተ ነው፤ ሰላም አይሉትም፣ ለሠርጉ አይመጡለትም፣ ለሬሳው አይቆፍሩለትም። የሰፈራችንን ቅሬ ቃሬዛ የሠሩት አባ ነበሩ። ቃሬዛው የሚቀመጥበትን ክፍል በርም የሠሩት እሳቸው ናቸው። ቁልፉን የሚይዙት ደግሞ የቅሬው ዳኛ ነበሩ። የዳኛውን ስም እዚህ አልጽፍም፤ የሚያውቋቸው ያውቋቸዋል።

አንድ ዓመት፣ የማሽላ አጨዳ ጊዜ፣ ከደጋ የመጣ የቀን ሠራተኛ በኪራይ ክፍል ውስጥ ታሞ ሞተ። ጓደኞቹ ቃሬዛ ለመለመን ዳኛው ዘንድ ሄዱ። ዳኛው ሰውየው የቅሬው አባል አይደለም፣ ሙስሊም መሆኑንስ ማን ያውቃል አሉ። ጓደኞቹ ወላሂ አብሮን ይሰግድ ነበር ቢሉ፣ እናንተም እንግዳ፣ እሱም እንግዳ ተብለው ተመለሱ። ሬሳው በዚያ ሙቀት ክፍሉ ውስጥ ዋለ።

አባ ይህን የሰሙት ከሥራ ሲመለሱ ነው። ብሎን መፍቻቸውን ይዘው ወደ ክፍሉ ሄዱ። ቁልፉን ሳይነኩ ማጠፊያዎቹን ፈትተው በሩን እንዳለ አነሱት። ቃሬዛውን አውጥተው ከሠራተኞቹ ጋር ሰውየውን ቀበሩት። ከዚያ ቃሬዛውን መልሰው፣ በሩንም መልሰው ገጠሙት፤ ቁልፉ እንደተቆለፈ ነበር።

ዳኛው ነገሩን ያወቁት በማግስቱ፣ የቃሬዛው እግር ላይ ትኩስ አፈር አይተው ነው። አባን በሽማግሌ ፊት አቁመው ቁልፍ ከየት አመጣህ አሏቸው።

«ቁልፋችሁን አልነካሁትም» አሉ አባ። «በሩን ነው ያነሳሁት፤ መልሼም ገጥሜዋለሁ። እንዲያውም ሲከፈት ይጮህ ነበር፤ ዘይት አድርጌበታለሁ።»

ሽማግሌዎቹ መሃል የሳቀ ነበር ይባላል። ዳኛው ግን አልሳቁም። ድንጋይ በአንገትህ ተሸክመህ መጥተህ፣ በቅሬው ፊት አፉ በሉኝ በል ተብሎ ተፈረደባቸው። ይቅርታ የሚጠየቀው እንደዚያ ነው። አባም፣ «እኔ አናጢ ነኝ፤ የምሸከመው እንጨት ነው። ድንጋይ ከፈለጋችሁ ግንበኛ ጥሩ» ብለው ወጡ። በዚያው ከቅሬ ወጡ፤ እኛም አብረን ወጣን።

እነዚያ ሰዎች በአባ በር እየገቡ፣ በአባ በር እየወጡ፣ አባን ሰላም አይሉም ነበር። ገበያ ላይ አብራኝ ያደገች ሴት አይታኝ ፊቷን ወደ ሽንኩርቱ አዙራለች። ይህንን ችያለሁ። ያልቻልኩት ግን አለ። የመጀመሪያ ልጄ፣ ጡት ሳትጥል፣ በወባ ሞተችብኝ። አንዲትም ሴት አልመጣችም። በአጥሩ ስንጥቅ የሚያዩ ዓይኖች ግን አይቻለሁ። እማ ዘሐራ አጠበቻት። አባ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አድርገዋት ሄዱ፤ ከድር መቆፈሪያውን ይዞ ከኋላቸው።

ሲመለሱ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ሐዋ፣ ሄጄ ድንጋዩን ልሸከምላቸው?» አሉኝ። ያ ሰው! ለእኔ ሲሉ አንገታቸውን ሊሰጡ ነበር። እኔም፣ «አይሸከሙም አባ» አልኳቸው፤ «ልጄን የቀበሩት እርስዎ ነዎት፤ እነሱ ምን ሊያደርጉልኝ?»

ከዚያ በኋላ ተነስተው ለበር ያስቀመጡትን የዋንዛ ጣውላ አወረዱ። ሌላ ቃሬዛ ሠሩ። ሲጨርሱም ከቤታችን ጣሪያ ክፈፍ ሥር፣ መንገደኛው በሚያየው ቦታ፣ ያለ በር ያለ ቁልፍ አስቀመጡት። ሠራተኛው፣ ከባቲ በኩል ከብት እየነዳ የመጣው ነጋዴ፣ ዘመድ የሌለው ሁሉ ወሰደው፤ መለሰውም። «አካም ጅርቱ አባ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም የሚል ሰው ሲገባ፣ አባ ለምን እንደመጣ ከፊቱ አውቀው ቃሬዛውን ለማንሳት ይነሱ ነበር። ማንነቱን፣ ከየት እንደመጣ ጠይቀው አያውቁም። ሲመለስ ብቻ፣ «እግሩ አልላላም?» ብለው ይፈትሹታል።

ሐሙስ ዕለት ከድር ጎረቤት አልጠራም። አባ ራሳቸው ከመሞታቸው በፊት እንዳሉን ዝም ብለን እንቀብራለን አልን። ወሬው ግን ቀደመን። መጀመሪያ የቀን ሠራተኞቹ አካፋ ይዘው መጡ። ከጨፋ ገበሬዎች መጡ። ግቢው ከሞላ በኋላ ደግሞ ቅሬው መጣ፤ ዳኛው ከፊት፣ የቅሬው ቃሬዛ አረንጓዴ ልብስ ለብሶ ከኋላ። ከድር በሩ ላይ ቆሞ መግቢያውን ዘጋው። እጁ ውስጥ መዶሻ ነበር፤ ለምን እንደያዘው እሱም አያውቅም። እኔም አልከለክለውም ብዬ ነበር፤ አልዋሽም።

እማ ዘሐራ ከውስጥ ወጣች።

«ከድር፣ ዞር በል። ይሸከሙ» አለች። ወዲያው ወደ ክፈፉ ሥር እያመለከተች፣ «ግን በዚህኛው» አለች።

ዳኛው፣ «ይኼ የእንግዳ ቃሬዛ ነው እኮ» አሉ።

«እሱንስ እንግዳ አድርጋችሁት አልነበር?» አለች እማ ዘሐራ።

አባ በዋንዛው ቃሬዛ ላይ ተደረጉ። እንደ ወጋችን ሬሳው ከመነሳቱ በፊት ዳኛው ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ ሟች የበደላችሁ ነገር ካለ አፉ በሉ አሉ። ሰዉም አፉ ብለናል አለ። ይኼኔ እማ ዘሐራ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «አንቱስ? እሱን አፉ በለኝ ያለው ማነው?» አለቻቸው።

ሰዉ ሁሉ ዳኛውን ያያል። ዳኛው መሬቱን ያያሉ። ጥምጣማቸውን አስተካከሉና ጎንበስ ብለው የቃሬዛውን የፊት ወራጅ እንጨት ትከሻቸው ላይ አደረጉ። አንዳንዱ ይኼው ይቅርታ ጠየቁ እያለ ያወራል። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ የጠየቁትን አልሰማሁም።

አባ፣ አሁን ለእርስዎ ልንገርዎት፤ እርስዎ ከተቀበሩ በኋላ ቅሬዎቹ ሽማግሌ ልከውብናል። ወደ ቅሬው እንመልሳችሁ፣ ያንን ቃሬዛ ግን ወደ ክፍሉ አስገቡት፣ ይቆለፍበት አሉ። ከድር እኔን አየኝ። እኔ እማ ዘሐራን አየሁ። እሷም፣ «አናጢው ሞቷል፤ በር የሚገጥምልን የለም» ብላ ሸኘቻቸው። ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

እርስዎ ያን ሁሉ ሚስማር ያቃኑ ሰው ነዎት፤ ምናልባት እነሱንም አፉ ብለው ሄደው ይሆናል። እኔ ግን ገና ነኝ፤ የልጄን ቀን በአጥሩ ስንጥቅ ያዩት ዓይኖች መጥተው አፉ በይን እስኪሉኝ ድረስ ገና ነኝ። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ፣ ያቺንም ትንሽዋን እቅፍዎ ውስጥ ያድርግልዎ። ቃሬዛው ቦታው ላይ ነው፤ እግሩ አልላላም፣ ፈትሼዋለሁ። የእርስዎን አፈር ከላዩ አልጠረግኩትም። የሚቀጥለው እንግዳ እንደዚያው ይወስደዋል።

ደህና ይሁኑ አባ።