በእማማ ዘይነባ ዓይን ውስጥ ያለው ልጅ

ወላሂ ብዬ ብምልም አታምኑኝም። በደርግ ጊዜ ጎረቤቴን እማማ ዘይነባን እጃቸውን ይዤ ወደ ጊንጆ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። አንድ ለእናቱ የሆነው ልጃቸው በአብዮት ጥበቃ ከገበያ ታፍሶ ጦር ሜዳ ከሄደ ወዲህ፣ ከለቅሶ ብዛት ዓይናቸው ደክሟል። በእንባዎ ጊቤ ሞልቶ ድልድዩን ወሰደው ብዬ ብቀልድም አልሳቁም።

"ሲመለስ ፊቱን ልየው እንጂ ሌላ አልፈልግም" ይላሉ።

በሩ ላይ አንድ አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ተደግፎ እንደኛው የመታከሚያ ተራውን ይጠብቃል። ኩባዊው ሐኪም ዓይናቸውን በባትሪ አየና ለአስተርጓሚው ነርስ ብዙ አወራ።

"ብሌንዎ ደክሟል እማማ" አለ ነርሱ። "ብሌንን እነሱ 'ኒኛ' ይሉታል፣ ልጅ ማለት ነው። ጥንት በላቲንም 'ፑፒላ'፣ ትንሽ ልጅ ነበር የሚባለው። ቀረብ ብሎ ላየ ሰው እውነትም ውስጡ ትንሽ ልጅ ይታያል።"

"አጂብ!" ብዬ አፍንጫዬ አፍንጫቸውን እስኪነካ ተጠጋሁ። ጤፍ የምታህል የራሴ መልክ ከነሪዜ ታየችኝ።

"አለ እማማ! ልጁ አለ! ሪዝ ሁሉ አብቅሏል!" ብዬ ጮህኩ።

እማማ ዘይነባ ዓይናቸውን በሻሻቸው ግጥም አድርገው ሸፈኑ። ወደ አብዮት ጥበቃውም ዞሩ።

"ውሸቱን ነው ጓድ፣ ሴት ናት!"