ደረጃ ላይ የተነበበው ዜና

ሙሉ ስሟን የሚያውቁት ባለቤቷና የደሞዝ መዝገቡ ብቻ ናቸው፤ ከተማው ሁሉ የሚጠራት አንቴና ብሎ ነው። አንድም በቁመቷ ነው፤ ቀጥ ያለች፣ ቀጭን፣ በር ስታልፍ አንገቷን ሰበር የምታደርግ ሴት ናት። አንድም በሥራዋ ነው፤ በከተማው ባለችው አንዲት የቴሌቪዥን ጣቢያ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ስትሰበስብ ኖራለች። ጣቢያዋን ለማየት ክፍያ የለም፣ ዲሽም አያስፈልግም፤ ጣሪያው ላይ ሽቦ የሰቀለ ሁሉ በነፃ ያያታል። ነፃ በመሆኗ ሰው ይወዳታል፣ ነፃ በመሆኗም ኪሷ ባዶ ነው። ስትተዳደር የኖረችው ነጋዴው ለማስታወቂያ በሚከፍላት ነበር፤ ነጋዴው ደግሞ ከሁለት ዓመት ወዲህ ፊቱን ወደ ስልኩ አዙሯል።

አንቴና ግን በየማለዳው ቦርሳዋን አንግታ ሱቅ ለሱቅ መዞሯን አልተወችም። ጫማ ሻጩ የእህቱ ልጅ በስልክ እየቀረጸ ጫማውን ለዓለም እንደሚያሳይለት፣ ለዚህም ምሳ ከማብላት በቀር ምንም እንደማይከፍል ነገራት። ጥርስ ሐኪሙ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ «ሰኞ ነይ» እያለ አመላለሳት፤ እሷም በአሥራ አንዱም ሰኞ ሄደች። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር፤ አንቴና ግን ሳቋ ቅርብ ነው። መጀመሪያ ትከሻዋን ይነቀንቀዋል፣ ቀጥሎ ዓይኗን በእንባ ይሞላዋል፣ ድምፁ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከጥርስ ሐኪሙ በርም በአሥራ አንደኛው ሰኞ የተመለሰችው እየሳቀች ነው።

ጣቢያዋ ያለችው በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድሮ አሥራ ስምንት ሠራተኛ ይተራመስበት የነበረው ቤት አራት ሰው ቀርቶታል። ሥራ አስኪያጁ የተሻለ አገኘሁ ብሎ ከሄደ ወዲህ በቦታው የተተካ የለም። ካሜራማኑ መብራቱንም ድምፁንም ብቻውን ይዟል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ስልክም ታነሳለች፤ ስልኩ ስለማይጮህ ብዙም አልከበዳት። ድምፁ ግድግዳ የሚያስተጋባው ወፍራሙ ዜና አንባቢ ደግሞ ዜናውን ራሱ ይጽፋል፣ ኮቱንም ራሱ ይተኩሳል።

አንድ ሐሙስ ሒሳብ ሠራተኛዋ አንቴናን ጥግ አስይዛ የሰማችውን ሹክ አለቻት። ቦርዱ ጣቢያዋ የራሷን ዝግጅት አቁማ የሌላ ትልቅ ጣቢያ ማስተላለፊያ ብቻ እንድትሆን ወስኗል፤ ደብዳቤው ተተይቧል፤ የቦርዱ ሰብሳቢ ማክሰኞ በቀትር ዜና ሰዓት በእጃቸው ይዘውት ይመጣሉ። አንቴና ይኼኔ ለአንድ ዓመት በሆዷ ይዛው የቆየችውን ሐሳብ አወጣች። ነጋዴዎች ዕቃቸውን ይዘው ስቱዲዮ ይግቡ፣ በቀጥታ ስርጭት ያሳዩ፣ ተመልካች እየደወለ ዋጋ ይጠይቅ። ሰብሳቢው ሲመጡ ቤቱን ሞቅ ብሎ ካገኙት ምናልባት እጃቸው ደብዳቤውን ለመስጠት ያመነታል ብላ ነው።

እሺ ያላት የቤት ዕቃ ሠሪው ብቻ ነበር። አንድ ሆቴል አሠርቶት ሳይወስደው የቀረ፣ ባለ ሦስት መቀመጫ፣ እግሩ የተጠረበ ቀይ ሶፋ ሱቁን ዘግቶበታል። «እትዬ አንቴና፣ ከሸጥሽልኝ እከፍልሻለሁ፤ ካልሸጥሽልኝ ደግሞ ቢያንስ ከዓይኔ ይጥፋ» አላት።

ማክሰኞ አራት ተሸካሚዎች፣ የቤት ዕቃ ሠሪው ከኋላ እየተከተላቸው፣ ሶፋውን ደረጃ ለደረጃ እያለከለኩ አወጡት፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ግን ቀጥ አለ። ቢገፉት እንቢ፣ ቢስቡት እንቢ። ፊቱ ወደ ታችኛው ደረጃ ዞሮ፣ አንድ ጎኑ ከፍ፣ አንድ ጎኑ ዝቅ ብሎ በግድግዳውና በደረጃው ብረት መሀል ተሰነቀረ። በላዩ የቀረችው ክፍተት ቀጭን ሰው ብቻ የምታሾልክ ናት። ይባስ ብሎ ዜና አንባቢው ሻይ ልጠጣ ብሎ ወርዶ ኖሮ እታች ቀረ። ሰውዬው በዚያች ክፍተት እጁን እንጂ ሌላ ነገር የማሳለፍ ተስፋ የለውም።

ዝግጅቱ ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀር ካሜራማኑ ምን እናድርግ ብሎ ጠየቀ። አንቴና ሶፋውን አየች፤ በክፍተቷ ብቅ ያለውን የዜና አንባቢውን ላብ ያጠመቀው ግንባር አየች፤ ትከሻዋ መነቅነቅ ጀመረ።

«ካሜራውን አምጣው» አለችው።

«የት ላምጣው?»

«ወደ ሶፋው።»

ካሜራማኑ ካሜራውን እታች ላሉት ተሸካሚዎች አቀብሎ ሾለከ፣ ገመዱም ተከተለው። አንቴና ከኋላው በሆዷ ተሳበች። እሷ ወዲህ ስትወርድ ጫማዋ ወዲያ ቀረ። በባዶ እግሯ ቆማ፣ ማይኩን ይዛ፣ ለተመልካቾች ጤና ይስጥልኝ አለች። ሶፋ ልናሳያችሁ አስበን ነበር፣ ሶፋው ግን ደረጃ ላይ ቀርቷል፣ እኛም አብረነው ቀርተናል፤ መላ ያለው ሰው ይደውልልን ብላ ቁጥሩን ሰጠች።

ከላይ ስልኩ ጮኸ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሮጣ አነሳች፣ ሳትዘጋው ሌላው ጮኸ። የሰማችውን ሁሉ በክፍተቷ ቁልቁል ታወርደው ጀመር። አንዱ ግድግዳውን ሳሙና ቀቡት አለ። አንዷ እግሩን በመጋዝ ቁረጡት ስትል የቤት ዕቃ ሠሪው ሶፋውን እንደ ልጁ አቀፈው። ሌላው መላ አልነበረውም፤ ዋጋው ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ሠሪው እንዳቀፈው ዋጋውን በቀጥታ ስርጭት ተናገረ። ደጁ ላይ ሰው መሰብሰብ ጀመረ፤ ጫማ ሻጩም ሱቁን ክፍት ትቶ መጥቶ አንገቱን አሰገገ።

ቀትር ሆነ። ዜና መቅረት የለበትምና ዜና አንባቢው ኮቱን ቆልፎ ሶፋው መሀል ተቀመጠ። ሶፋው ያዘነበለ ስለሆነ ገና የመጀመሪያውን ዜና ሳይጨርስ ወደ ግራ ተንሸራቶ ጥጉ ላይ ደረሰ። በክብር ተነስቶ መሀል ተመለሰ፣ ሁለተኛውን ዜና ጀመረ፣ አሁንም ተንሸራተተ። አንቴና ማይኩን ይዛለት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ሦስተኛው ዜና፣ ክፉ ዕድል ሆኖ፣ ወደ አንድ ጎን ስላዘመመ ድልድይ ነበር። «መሐንዲሶች እንደገለጹት መንሸራተቱ አሳሳቢ ደረጃ ላይ...» ብሎ ጥጉ ላይ ደረሰ። አንቴና ቀና ብላ አየችው። ትከሻዋ ተነቅንቆ እንባዋ ወረደ። በሃያ ዓመት ውስጥ ካሜራ ፊት ጥርሱ ታይቶ የማያውቀው ሰውዬ አፉን ሊገጥም ሞከረ፣ አቃተው፤ ወረቀቱን ፊቱ ላይ ከድኖ ልቡ እስኪፈርስ ሳቀ። ካሜራማኑ ሳቀ፣ ምስሉም አብሮ ተናጠ።

ሰብሳቢው የደረሱት ይኼኔ ነው። ቡናማ ፖስታቸውን ይዘው፣ ይቅርታ አሳልፉኝ እያሉ በሰው መሀል ወጡ። መቆሚያ ስላጡ ያላቸው ምርጫ አንድ ብቻ ነበር፤ ከዜና አንባቢው አጠገብ ተቀመጡ። ተቀምጠውም ተንሸራተቱበት። አንቴና እንባዋን ጠርጋ ማይኩን አስጠጋችላቸው።

«እንኳን ደህና መጡ ክቡር ሰብሳቢ። በቀጥታ ስርጭት ላይ ነን። ለተመልካቾቻችን ምን ይዘውልን መጡ?»

ሰብሳቢው ፖስታውን አዩ፣ ካሜራውን አዩ፣ ደረጃውን የሞላውን ሕዝብ አዩ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ የሒሳብ ሠራተኛዋ ድምፅ ከላይ መጣ። «የክቡር ሰብሳቢ እናት ስልክ ላይ ናቸው። ቀጥ ብለህ ተቀመጥ ይላሉ። ደግሞ ሌላ ጣቢያ በሽቦዬ አይገባልኝም፣ ይችን እንዳትነኩብኝ ብለሃቸው ና ይላሉ።»

ደረጃው በሳቅ ተናወጠ። ሰብሳቢው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ፖስታውን አጥፈው የውስጥ ኪሳቸው ከተቱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቦርዱ» አሉ፣ «ጣቢያዋ ለስድስት ወር እንድትሞከር ወስኗል።»

ቦርዱ እንዲህ ያለ ውሳኔ እንዳልወሰነ አንቴናም ታውቀዋለች፣ ሰብሳቢውም ያውቁታል። ግን ከተማው ሰምቷል፣ እናታቸውም ሰምተዋል።

ሶፋውን ያወጡት አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ግማሹን ከተማ በእጃቸው የተቀበሉ ሴት ስለሆኑ፣ ሲደውሉ ሒሳብ ሠራተኛዋ የሌሎቹን ስልክ ዘግታ ቃላቸውን አንድ በአንድ አስተላለፈች። እግሩ ቀድሞ ከመጣ መሳብ ዋጋ የለውም አሉ፤ መጀመሪያ ወደ ኋላ መልሱት፣ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፣ ጭንቅላቱ ይቅደም። ተሸካሚዎቹ ሰብሳቢውንና ዜና አንባቢውን አስነስተው እንደታዘዙት አደረጉ። ሶፋው አንዴ ሲጥጥ ብሎ ሹልክ አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ አዋላጇ በስልክ ስንት ኪሎ ነው ብለው ጠየቁ።

በማግስቱ የቤት ዕቃ ሠሪው ሦስት ሶፋ ታዘዘ፤ ሦስቱም ደንበኞች ጠበብ ያለ ይሁን አሉ። ቀለም ሻጩ የተቧጨረውን ግድግዳ በነፃ ልቀባ፣ ስቀባ ግን አሳዩኝ ብሎ መጣ። ጫማ ሻጩ ባዶ እግሯን በቴሌቪዥን ያያት ሰው ሁሉ ስለ ጫማ እየጠየቀው መሆኑን ተናግሮ ውል ፈረመ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ደምራ ደማምራ፣ በዚህ ሁኔታ ደሞዝ እስከ አራት ወር ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አላውቅ አለች። ሰብሳቢውም ደብዳቤውን አልቀደዱትም፤ መሳቢያቸው ውስጥ ነው ይባላል። ዜና አንባቢው ይኼ ያሳስበዋል፤ ሳቅ እያለቀ የሚሄድ ነገር ነው፣ በየሳምንቱ ምን እናሰነቅራለን ይላል። አንቴና ግን ስድስት ወሩ ሲያልፍ ምን እንደሚመጣ ባለቤቷ ሲጠይቃት፣ ለጊዜው ስድስት ወር አለኝ ብላዋለች።

በተከታዩ ሰኞ ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ ጥርስ ሐኪሙ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ከእሷ በፊት ሰላምታ የሰጠው እሱ ነው። በቀጥታ ስርጭት ጥርስ መንቀል እንደሚፈልግ፣ ያለ ሕመም እንደሚነቅልም ለከተማው ማሳየት እንደሚሻ አስረዳት።

«የማንን ጥርስ?» አለችው።

ሐኪሙ ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዜና አንባቢው ባለፈው ሲስቅ አይቼዋለሁ። ከግራ በኩል አንድ የማትረባ ጥርስ አለችው።»

አንቴና የውል ወረቀቱን ከቦርሳዋ ለማውጣት እጇን ሰደደች። ትከሻዋ ግን ቀድሟት ነበር፤ በሩን ተደግፋ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እስክሪብቶዋን በየትኛው ኪሷ እንደከተተችው ማስታወስ አቅቷት ቆመች።