አሜን የተባለባቸው በጎች

ኤልፍነሽ በጎቹን ያየች ዕለት ሕልም መስሏት ነበር። ወረርሽኙ የላስ ቬጋስን የቁማር ቤቶች ዘግቶ፣ አልጋ ስታነጥፍ ከኖረችበት ሆቴል ወጥታ፣ ቅርብ ባለችው ቦልደር ሲቲ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት እዚያው እያደረች ለመጦር የተቀጠረች ሰሞን ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰማያዊውን መጋረጃ ገለጥ ብታደርግ፣ ቀንዳቸው የተጠቀለለ የዱር በጎች ከተራራው ወርደው ፊት ለፊት ያለውን የመናፈሻ ሣር ይግጣሉ። እረኛ የላቸው፣ የሚያባርራቸው የለ። ሰማዩ ቀልቷል፣ ሣሩም በጎቹም ቀልተዋል። ላስ ቬጋስ ለምትማረው ልጇ ለሀሌታ ደውላ ነገረቻት።

"ማሚ፣ ሪል ናቸው፤ ጉግል አደረግሁ" አለቻት ሀሌታ።

ኤልፍነሽ ግን ሕልም ናቸው ማለቱን ወደደችው። የሚያስፈራ ነገር የሌለበት ሕልም ካየች ስንት ጊዜዋ።

የምትኖርበትን ከሀሌታ በቀር ለማንም አልነገረችም። ምክንያቱ ተፈሪ ነው፣ የቀድሞ ባሏ። ተፈሪ ጉባኤ ፊት አንደበቱ ማር ነው፤ ቤት ሲገባ ግን ከአፉ እጁ ይቀድማል። ዳኛዋ እንዳይቀርባት፣ በራሱም በሰውም በኩል እንዳያነጋግራት ካዘዙት በኋላ እንኳ፣ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ የነበረው አፓርትመንቷ በር ላይ ቆሞ ተገኝቷል። ያን ጊዜ ወዲያው ታስሮ ወዲያው ተፈታ። የቤተ ክርስቲያኗ ፓስተር ፋኑኤልም፣ ነገሩ ከቤት እንዳይወጣ የፈለጉ ይመስል፣ ጸልዪበት እኅቴ ብለዋት ነበር። እሷም ጸለየች፣ ከዚያም ቤት ቀየረች።

ከፍርድ ቤቱ በኩል የምትረዳት ሴት በኋላ ደውላ፣ ትእዛዝ እየደጋገመ የሚጥስ ሰው ቅጣት መክበዱን፣ አሁን ቢደግመው እንደ በፊቱ በቀላሉ እንደማይወጣ አስረዳቻት። ኤልፍነሽ ደስ ሊላት ሲገባ ሆዷ ባባ። ሞኝ እንዳትሏት። የልጇ አባት ነው፤ አንድ ትራስ ተጋርተዋል።

ቤተ ክርስቲያኑ በመዘጋቱ ጸሎቱ በስልክ መስመር ሆኖ ነበር። አመሻሽ ላይ ሁሉም ይደውላል፤ ፊት የለም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ኤልፍነሽ አሮጊቷን እራት ካበላች በኋላ፣ የራሷን ድምፅ ዘግታ፣ ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀምጣ ጋደም ትላለች። የሰዉ ልመና ከሩቅ እንደሚሰማ ዝናብ ያባብላታል። ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ሆና አሜን ትላለች፤ ጸሎት ላይ ማንቀላፋት መቼም የሷ ብቻ አይደለም።

አንድ ቀን ፓስተር ፋኑኤል፣ ከጠፋበት ለተመለሰ ወንድም ተራ ሰጡ። ለስላሳ ድምፅ መጣ። ኤልፍነሽ በእንቅልፏ ድምፁን ወደደችው፤ ድሮ ሲያጫት የነበረው ድምፅ ነው።

"ጌታ ሆይ፣ የቤቴን እመቤት አስባት። በደጇ የሚግጡትን ባለቀንድ በጎች የምትመግብ አምላክ፣ ሰማያዊ መጋረጃዋ ሲገለጥ ልቧም ይገለጥልኝ።"

መስመሩ በሙሉ አሜን አለ። ኤልፍነሽም አሜን አለች።

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው የነቃችው። መጋረጃው ገርበብ ብሎ ነበር። በጎቹ እንደ ሁልጊዜው ቀስ እያሉ ይግጣሉ፤ እነሱንና የመጋረጃዋን ቀለም ያወቀ ሰው ግን ደጇ ድረስ መጥቷል። ዝም ብትል የሚቀጥለው ጸሎት በሯ ላይ ነው። ብትናገር ደግሞ ጸሎት ከሰሰች ይሏታል፣ እሱም በዚህኛው በዋዛ አይፈታም። ስልኩን አንስታ ድምፅዋን ከፈተች።

"ኤልፍነሽ ነኝ" አለች። "ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ መኖሬን ከልጄ በቀር ለማንም አልነገርኩም። እስቲ ከእናንተ መሐል በደጄ ስለሚግጡት በጎች የሚያውቅ አለ?"

ሰው ከመስመሩ ሲወጣ የምትሰማዋ ቀጭን ደወል አንድ ጊዜ ጮኸች። ማን እንደወጣ ሁሉም ገባው።

"እኅቴ፣ አሁኑኑ ፖሊስ ጥሪ" አሉ ፓስተሩ። "የሰማሁትን እመሰክራለሁ። አሜን ማለቴንም እናገራለሁ።"

ፖሊሶች የተፈሪን መኪና ከመናፈሻው ጀርባ አገኙት፣ እሱንም ውስጡ። በዚያ ቀይ ብርሃን እጁን ወደ ኋላ ሲታሰር፣ በመስኮት ስታየው ትንሽ ሰው መሰላት። በጎቹ ቀና ብለው አዩና ወደ ሣራቸው ተመለሱ።

በሚቀጥለው ዓመት ተፈረደበት፤ ፓስተር ፋኑኤልም ቃላቸውን ጠብቀው መሰከሩ። ኤልፍነሽ ለተፈሪ አለቀሰችለት፤ ከዚያ ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ድረስ ተኛች።

አመሻሽ ላይ አሁንም ትደውላለች። ከዚያ ወዲህ በመስመሩ ላይ ሰው ጸልዮ ሲጨርስ፣ አሜን ከመባሉ በፊት ጥቂት ዝም ይባላል። ኤልፍነሽ መጋረጃዋን ከፍታ፣ በጎቹን እያየች፣ ያቺን ዝምታ ታዳምጣለች።