አሚን የሚል ሰው

ዛሬ ጠዋት በሰው አገር፣ ጀበል ገበያ በሚባለው ቦታ፣ ሱቄ ውስጥ እጄን ዘርግቼ ዱዓ ሳደርግ፣ ከደጅ አንድ የማላውቀው ድምፅ «አሚን» አለ።

ታናሽ እህቴ ዘሃራ ደሴ ላይ የባንክ ኢንተርቪው ነበራት። ትናንት ደውላ «ጋሼ፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ዱዓ አድርግልኝ» ብላኝ ነበር።

እኛ ቤት ዱዓ ለብቻ አይደረግም። አንዱ ይለምናል፣ የተቀመጠው ሁሉ አሚን ይላል። እዚህም ግራና ቀኜ የነበሩት ነጋዴዎች ያገሬ ልጆች ነበሩ። አምና ታኅሣሥ ከተማው ውስጥ ተኩስ ሲጀመር ሱቃቸውን ዘግተው አገር ገቡ።

ስለዚህ ዛሬ ብቻዬን ጀመርኩት። የሩዝ ጆንያ መቼም አሚን አይልም።

ቀና ስል አንዲት የዚህ አገር እናት ደጁ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። አማርኛ አይሰሙም። እስክጨርስ ድረስ በየመሃሉ «አሚን» አሉልኝ። ከዚያ «ሳቡን ፊ?» አሉ። ለካ ሳሙና ሊገዙ ነው የመጡት።

ከሰዓት ዘሃራ ደወለች። ጥያቄውን ደህና መልሳለች፣ ውጤቱ ገና ነው።

«ማን አሚን አለልህ?» ስትለኝ «ሳሙና ሊገዙ የመጡ አንዲት እናት» አልኳት። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

እናንተስ፣ ባላችሁበት አገር አሚን የሚላችሁ ማን ነው?